የወረቀት ፈቃድና የጎረቤት ፈቃድ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የዴላዌር ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዊልሚንግተን ከተማ ወደብ አካባቢ የሚገኝን አንድ ግዙፍ የኮምፖስት ጣቢያ ፈቃድህን አላድስልህም አለው። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዓመት 160,000 ቶን የሚበሰብስ ነገር እንዲቀበል ተፈቅዶለት፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካሉት ሁሉ ትልቁ ሆኖ፣ ከፊላደልፊያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከኒውዮርክ ሳይቀር የምግብ ትራፊ ይጎርፍለት ነበር። በሩ ሲዘጋ የጭነት መኪኖቹ መሄጃ አጡ። ሰው በየማዕድ ቤቱ ለይቶ ያስቀመጠው የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላና ከሳህን የተረፈ ምግብ አብዛኛው ተመልሶ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተቀላቀለ፤ ከፊሉ ተቀበረ፣ ከፊሉ ተቃጠለ።

ጣቢያውን ያስዘጋው ሽታ ነው። በደቡብ ዊልሚንግተን ያሉ ሰዎች፣ ከወደቡና ከፋብሪካዎች ጋር ተፋፍገው የሚኖሩት የሳውዝብሪጅ ሰፈር ነዋሪዎች ጭምር፣ በበጋ መስኮት መክፈት አልቻልንም ብለው ለዓመታት አቤት አሉ። ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣው ፕላስቲክም ሌላ ራስ ምታት ነበር። ጣቢያው ሲከፈት ወረቀቱ በሙሉ ተሟልቶለት ነበር። ያጣው ሌላውን ፈቃድ ነው።

አማርኛችን ፈቃድ ሲል ሁለት ነገር በአንድ ቃል ይይዛል። መሥሪያ ቤት ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ወረቀት ፈቃድ ነው፤ «በፈቃዴ ነው የመጣሁት» ሲባል ደግሞ የልብ መውደድ፣ የሰው እሺታ ነው። የምግብ ትራፊን ወደ አፈር ለመመለስ የተነሣ ከተማ ሁለቱንም ይፈልጋል። ባለፉት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች የሆነውን ስመለከት አብዛኞቹ ችግሮች አንዱን ይዞ ሌላውን ከማጣት የመጡ ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ይህንን ክር ነው። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለምን ያስጨንቃል? በአሜሪካ የቆሻሻ መድፊያዎች ውስጥ ከሚቀበረው ነገር ሁሉ በክብደት ቀዳሚው ምግብ ነው፤ ሩቡን ያህል ይይዛል። ምግብ አየር በማያገኝበት ጉድጓድ ሲበሰብስ ሚቴን ይሆናል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2023 ባወጣው ጥናት ከከተማ ቆሻሻ መድፊያዎች አምልጦ ወደ አየር ከሚወጣው ሚቴን 58 በመቶው ከምግብ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ምግብ ከሌላው ቆሻሻ ፈጥኖ ስለሚበሰብስ ጋዙ በአብዛኛው የሚወጣው መሰብሰቢያ ቱቦው ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ምግቡን መጀመሪያውኑ ወደዚያ አለመላክ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው «ታዲያ የት ይሂድ?» ሲባል ነው።

ፈቃድ ሰጪዎች የሚጠይቁትን ለመረዳት ክምሩ ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። በደንብ የተያዘ ኮምፖስት አይከረፋም፤ ዝናብ ያባራበት ጫካ ውስጥ እንዳለ አፈር ነው የሚሸተው። የምግብ ትራፊ ግን ብቻውን ከተከመረ ያስቸግራል። ውሃው ብዙ ነው፣ ናይትሮጅኑም ብዙ ነው፣ በዚያ ላይ ይታመቃል። አየር እንዲገባው ከአንድ እጅ ምግብ ጋር ሁለት ወይም ሦስት እጅ የተከተፈ እንጨት ወይም ደረቅ ቅጠል መደባለቅ አለበት። ይህ ካልተደረገ ያለ አየር የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ቦታውን ይይዙና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው የድኝ ጋዝ፣ ኮምጣጣ አሲድና አሞኒያ ይወጣል። ክምሩ ውስጥ ያለው ሙቀት የበሽታ ተሕዋስያንን እንዲገድል 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ ይኖርበታል። አየር በቱቦ ለሚነፋበት ክምር ይህ ሙቀት ሦስት ቀን ይበቃል፤ በረድፍ ተከምሮ በማሽን ለሚገላበጠው ደግሞ 15 ቀንና ቢያንስ አምስት ጊዜ ማገላበጥ ያስፈልጋል። አደገኛዎቹ ሰዓቶች ሁለት ናቸው፦ መኪናው ጭነቱን የሚያራግፍበትና ክምሩ ተከፍቶ የሚገላበጥበት። የዊልሚንግተን ዓይነት ጣቢያ ጥሩ ሸራና ጥሩ ቱቦ ሊኖረው ይችላል፤ በዕለቱ የገባው እርጥብ ምግብ ከእንጨቱ ከበለጠ ግን ሸራው አያድነውም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶቹ የሚጠይቁት ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ፍሳሹ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንዳይሰርግ ክምሩ የሚያርፍበት ወለል አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ይሁን ይላሉ። የዝናቡ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ ይቆፈር። ከመኖሪያ ቤት፣ ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ይህን ያህል ይራቅ። የሽታ መቆጣጠሪያ ዕቅድ ይቅረብ። ድርጅቱ ቢከስር ቦታውን ለማጽዳት የሚበቃ ገንዘብ አስቀድሞ በዋስትና ይያዝ። ምርቱ ለሳልሞኔላና ለከባድ ብረቶች ይመርመር። በአቅራቢያው የአውሮፕላን ማረፊያ ካለ ደግሞ የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ይገባበታል፤ የምግብ ሽታ አሞራ ይስባል፣ አሞራ ደግሞ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ይገባል። የአስተዳደሩ መመሪያ ወፍ የሚስቡ ሥራዎች የጄት አውሮፕላን ከሚያርፍበት ሜዳ 10,000 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንዲርቁ ይመክራል። በካርታ ላይ ባዶ መስሎ የሚታየው ትልቁ የከተማ መሬት ብዙ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ያለው ስለሆነ ይህ አንድ መስመር ብቻ ስንቱን ዕቅድ ሊያስቀር እንደሚችል አስቡት።

እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ከስሙ ነው። በብዙ ግዛቶች ሕግ አንድ የካሮት ልጣጭ ከሳህን ላይ ከወረደ ጀምሮ «ደረቅ ቆሻሻ» ነው። ደረቅ ቆሻሻ የሚቀበል ሁሉ ደግሞ በሕግ ፊት የቆሻሻ መድፊያ ዘመድ ይሆናል። አርሶ አደሩ የራሱን ከብቶች ፍግ ከምሮ ሲያበሰብስ ግብርና ነው፤ በዚያው ክምር ላይ ከከተማ ምግብ ቤት የመጣ አንድ በርሜል ትራፊ ከጨመረበት ግን የቆሻሻ ጣቢያ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ቅጠልና ሣር ብቻ የሚቀበል ጣቢያ በቀላል ደንብ ይሠራል፤ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ወለል ላይ የምግብ ትራፊ ልጨምር ሲል አዲስ ምሕንድስና፣ አዲስ ጥናትና አዲስ የሕዝብ መድረክ ይጠበቅበታል።

ሜሪላንድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ የመከራውንም የመውጫውንም። እስከ 2015 ድረስ ለኮምፖስት ብቻ የተጻፈ ፈቃድ አልነበራትም። የምግብ ትራፊ ላበስብስ ብሎ የተነሣ ሰው የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ደንብ እንደሚያስተናግደው በቅጡ ሳይገባው ገንዘቡንም ጊዜውንም ይጨርስ ነበር። ባለሀብት የሚፈራው ጥብቅ ደንብን አይደለም፤ የማይታወቅ ደንብን ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ደንብ የሚበሰብሱትን ነገሮች በደረጃ ከፋፈላቸው፦ ቅጠልና ሣር በአንድ ወገን፣ ተለይቶ የተሰበሰበ ምግብ በሌላ ወገን፣ ከዚያም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሹት በሌላ። መጠኑም ከትንሽ እስከ ትልቅ ተለየ። በ5,000 ስኩዌር ጫማ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ማዘጋጃ ክምሩን ከፍ ሳያደርግ ከሠራ ከፈቃድ ነፃ ሆነ። ይህ ትንሽ የሚመስል ማስተካከያ የማኅበረሰብ ጓሮዎችንና ትናንሽ እርሻዎችን ከግዙፍ ጣቢያ ጋር በአንድ ሚዛን ከመመዘን አድኗቸዋል።

ከሜሪላንድ ድንበር ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ግን የምግብ ትራፊ የሚያበሰብስ ትልቅ ጣቢያ በራሷ ምድር ላይ የላትም። ፍላጎቱ ጠፍቶ አይደለም። በ2032 ከቆሻሻዋ 80 በመቶውን ከመቅበርና ከማቃጠል አድናለሁ ብላ ነበር። ከ2017 ጀምሮ በገበሬዎች ገበያ ላይ ሰው ትራፊውን ይዞ መጥቶ የሚያስረክብበት ቦታ አለ። በነሐሴ 2023 ደግሞ እስከ 9,000 ቤቶችን የሚያቅፍ፣ ከደጃፍ የሚሰበሰብ የሙከራ ፕሮግራም ጀመረች። በየሰፈሩ መናፈሻና ጓሮ አይጥ እንዳይገባው ሆኖ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ያላቸው የማኅበረሰብ ማበስበሻዎችም አሏት። ነገር ግን ከተማዋ ከ180 ካሬ ኪሎ ሜትር የማትበልጥ፣ መሬቷ ውድ፣ ከፊሉም የፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ በደጃፍ የተሰበሰበው ትራፊ በመኪና ወደ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ አፐር ማርልቦሮ ይሄዳል።

የማርልቦሮው ጣቢያ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። ለዓመታት ቅጠልና ሣር ብቻ ነበር የሚቀበለው። በ2013 ክምሩን ልዩ ሸራ እያለበሰ፣ ከሥሩ አየር እየነፋ፣ በጥቂት የምግብ ትራፊ ሙከራ ጀመረ። ሙከራው ሲሠራ፣ ጎረቤት ሳያማርር ሲቀር፣ ደረጃ በደረጃ ሰፋ። ከዊልሚንግተን ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ሸራ ተጠቅመዋል። አንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለግዙፍ መጠን ተፈቀደለት፣ ሌላው አስቀድሞ ሠርቶ አሳየ፣ ከዚያ አደገ። ጣቢያውን የሚያንቀሳቅሰውም የግዛቱ መንግሥታዊ ተቋም፣ ሜሪላንድ ኢንቫይሮመንታል ሰርቪስ ነው። በእኔ እምነት የአካባቢውን የምግብ ማበስበሻ ሥራ በእግሩ ያቆመው መሐንዲስ ከሳለው ንድፍ ይልቅ ይህ ትዕግሥት ነው።

ብዙ ሀበሻ በሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ያለችው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምራለች። ዲከርሰን በምትባለው የገጠር ጫፍ ላይ ትልቅ የቅጠልና የሣር ማበስበሻ አላት። ጣቢያው በዓመት ከ77,000 ቶን እንዳያልፍ ካውንቲው ከአካባቢው የሹገርሎፍ ዜጎች ማኅበር ጋር የገባው ስምምነት አለ። እዚህ የጎረቤት ፈቃድ ራሱ ወረቀት ሆኗል፤ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። የምግብ ትራፊ ይጨመር የሚለው ሐሳብ በተነሣ ቁጥር መነጋገሪያው እዚያ ነው። አንዳንዱ ይህን እንቅፋት ይለዋል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የሐቀኝነት መንገድ አላየሁም፤ ሰዎቹ ምን ያህል እንደሚሸከሙ ተጠይቀው መልሰዋል፤ የበለጠ የፈለገ ሄዶ ይጠይቃቸዋል።

ሕግ አውጪዎች ደግሞ የወረቀቱን ፈቃድ ባላሰቡት መንገድ የሁሉም ነገር ቁልፍ አድርገውታል። ኒውዮርክ ግዛት ከጥር 2022 ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቶንና ከዚያ በላይ የምግብ ትራፊ የሚያወጡ ድርጅቶች ለይተው እንዲልኩ ታስገድዳለች፤ ግን በ25 ማይል፣ ማለትም በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚቀበላቸው ጣቢያ ካለ ብቻ ነው። ሜሪላንድ በ2023 በሳምንት ሁለት ቶን በሚያወጡት ጀመረች፣ በ2024 ወደ አንድ ቶን አወረደችው፤ ርቀቱ 30 ማይል ነው። ኒው ጀርሲ በዓመት 52 ቶን ለሚያወጡ፣ በ25 ማይል ውስጥ ጣቢያ ሲኖር። አቅም የሌለውን አታስገድድ ከሚል ቅን ሐሳብ የመጣ ነው። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ ፈቃድ ያለው ጣቢያ በሌለበት ግዴታው የለም፤ ግዴታው በሌለበት ደግሞ ጣቢያ የሚከፍት ባለሀብት ትራፊው እንደሚመጣለት እርግጠኛ አይሆንም። ዶሮዋ እንቁላሉን ትጠብቃለች፣ እንቁላሉ ዶሮዋን። አንድ የሆቴል ባለቤት ሕጉ ይመለከተው እንደሆነ የሚወስነው የራሱ የማዕድ ቤት ልምድ ሳይሆን ሩቅ ያለ ገበሬ ያስገባው የፈቃድ ማመልከቻ ነው።

ማሳቹሴትስ ቅደም ተከተሉን ገልብጣ ነው የሠራችው። በሳምንት አንድ ቶን የምግብ ትራፊ የሚያወጡ ድርጅቶች ወደ መድፊያ እንዳይልኩ የከለከለው ሕጓ በጥቅምት 2014 ነው የጸናው። ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ የፈቃድ ደንቧን አሻሽላ ነበር፤ ተለይቶ የተሰበሰበ ምግብ የሚያበሰብሱና ባዮጋዝ የሚያወጡ ጣቢያዎች እንደ ቆሻሻ መድፊያ ያን ረጅም የቦታ ምደባ ሂደት እንዳያልፉ አደረገች። መጀመሪያ በሩን ከፈተች፣ ከዚያ ሰውን ግባ አለች። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት መጀመሪያ ላይ እንዲህ ዓይነት እገዳ ያወጡትን አምስት ግዛቶች አወዳድሮ ነበር። ወደ መድፊያና ማቃጠያ የሚሄደው ቆሻሻ በግልጽ የቀነሰው በማሳቹሴትስ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቅናሹ 7 በመቶ ገደማ ነው። አጥኚዎቹ የጠቀሷቸው ምክንያቶች ብዙ የማበስበሻ ጣቢያ መኖሩ፣ ሕጉ ቀላልና ከልዩ ሁኔታ የጸዳ መሆኑ፣ ተቆጣጣሪም ዞሮ ማየቱ ናቸው። ሁሉም ግዛቶች ሕግ ነበራቸው። ከልዩነቶቹ አንዱ ትራፊውን የሚቀበል በር ነው።

ኒውዮርክ ከተማ የዚህ ሁሉ ታላቅ መድረክ ናት። በ2013 ከደጃፍ መሰብሰብን በሙከራ ጀመረች፣ በ2020 በወረርሽኙና በበጀት ችግር አቆመች፣ ከዚያ እንደገና ጀምራ በ2022 መላ ኩዊንስን አካተተች፣ በጥቅምት 2024 ለመላ ከተማዋ አዳረሰች። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። ትራፊው የት እንደሚሄድ ሲታይ ግን ነገሩ ከፈቃድ ጋር ይገናኛል። ከፊሉ በብሩክሊን ኒውታውን ክሪክ የፍሳሽ ማጣሪያ ወደሚገኙት ግዙፍ የባዮጋዝ ማብላያዎች ገብቶ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ይብላላል። ከፊሉ ስታተን አይላንድ ላይ፣ በ2001 በተዘጋው የፍሬሽ ኪልስ መድፊያ ላይ ወዳለው ኮምፖስት ጣቢያ ይሄዳል፤ ይህ ጣቢያ በጥር 2024 አየር የሚነፋ ዘዴ ተገጥሞለት የምግብ አቅሙ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 62.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 28,000 ቶን ገደማ ከፍ ብሏል።

ለምን እነዚህ ቦታዎች? ምርጥ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አስቀድሞ ፈቃድ ያላቸው፣ አስቀድሞ የቆሻሻ ቦታ ስለሆኑ ነው። ከተማ ሲቸግረው አዲስ በር ከማንኳኳት ይልቅ ቀድሞ የተከፈተው ይቀለዋል። ይህ በጥበብ ሊሠራ ይችላል፤ ፍሬሽ ኪልስ ዛሬ የሚሠራው በደንብ ነው። ነገር ግን የኒውታውን ክሪክ ሰዎች ወንዛቸውን ዘይት የበከለባቸው፣ ዙሪያቸውን የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ የሞላባቸው ናቸው። ለዓመታት የማብላያው ጋዝ ለቤት ማብሰያ ይውላል ተብሎ እየተጠበቀ በእሳት ሲቃጠል አይተዋል። ፈቃድ ወደ ቆሻሻ ቦታ ይጠጋል፣ ቆሻሻ ቦታ ደግሞ አቅም ወዳነሰው ሰፈር ይጠጋል። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በደንቡ አካሄድ ብቻ፣ ሸክሙ አንድ ትከሻ ላይ ይከማቻል።

በሌላ በኩል ሰው የወደዳቸው ቦታዎች ወረቀት አጡ። በኩዊንስቦሮ ድልድይ ሥር፣ ቢግ ሪዩዝ የተባለው ማኅበር ለዓመታት የሰፈሩን ትራፊ እያበሰበሰ ለጎዳና ዛፎችና ለማኅበረሰብ ጓሮዎች አፈር ያወጣ ነበር። በማንሃተን ኢስት ሪቨር ፓርክ ደግሞ የሎወር ኢስት ሳይድ ኢኮሎጂ ማዕከል በተመሳሳይ መንገድ ይሠራ ነበር። ሽታ ብሎ የሚከሳቸው ብዙም አልነበረም። የከተማው መናፈሻ መሥሪያ ቤት ግን ቦታው መናፈሻ ነው፣ ኮምፖስት የመናፈሻ ሥራ አይደለም አለ። መሠረቱ ከባድ ሕግ ነው። የኒውዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2001 በቫን ኮርትላንድ መናፈሻ ጉዳይ የመናፈሻ መሬት ከሕግ አውጪው ምክር ቤት ይሁንታ ሳያገኝ ለሌላ አገልግሎት አይውልም ብሎ ወስኗል፤ ያኔ ነገሩ ከመሬት ሥር የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ ነበር። በብሩክሊን ስፕሪንግ ክሪክ መናፈሻ ውስጥ ከተማዋ የከፈተችው የቅጠል ማበስበሻም በዚሁ ጥያቄ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። የኢስት ሪቨሩ ማበስበሻ ለጎርፍ መከላከያ ግንባታ ተነሣ፤ የድልድዩ ሥር ቦታ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ይሁን ተባለ። የመናፈሻን መሬት ከነጋዴና ከባለሥልጣን እጅ ለመጠበቅ የወጣውን ሕግ አከብረዋለሁ። ከወደቀ ቅጠል የወጣውን አፈር መልሶ ለዛፉ መስጠት ግን ከመናፈሻ ሥራ ውጪ ነው የሚለውን ልቤ አይቀበለውም። መፍትሔውም ሩቅ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ደንብ መናፈሻ ውስጥ በማበስበስ የሚወጣ አፈር ለመናፈሻው የሚውል ከሆነ የመናፈሻ አገልግሎት ነው ብሎ መጻፍ ይችል ነበር።

ካሊፎርኒያን በአጭሩ ልለፍ ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አላት። በ2016 የወጣው፣ በጥር 2022 የጸናው ሕጓ የሚበሰብስ ቆሻሻን ከመድፊያ በ75 በመቶ ለመቀነስ ከተሞቿን ያስገድዳል። ይህን ለመሸከም ብዙ አዳዲስ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። አንድ ጣቢያ ግን የካውንቲውን የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት፣ የቆሻሻ ፈቃድ፣ የውሃ ቦርድ ፈቃድና የአየር ጥራት አውራጃ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ ቋጠሮ የአየሩ ነው። ክምሩ ሲሞቅ ተናኝ ኬሚካሎች ይወጡታል፤ እነዚህ በሳን ዋኪን ሸለቆ ዓይነት ጭስ በተኛበት ቦታ ጎጂ ኦዞን ይሆናሉ። የአየር መሥሪያ ቤቱ በሕግ የሚቆጥረው ከክምሩ የወጣውን ነው፤ ያው ምግብ መድፊያ ውስጥ ቢቀበር ይወጣ የነበረው ሚቴን በእሱ መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ አንዱ የመንግሥት ክንድ ሥሩ የሚለውን ሌላው ክንድ አትሥራ ይላል። ሁለቱም ተልእኳቸውን ይፈጽማሉ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ግን አልተመደበም።

ሽታ ራሱ ለመለካት ከባድ ነገር መሆኑ የፈቃዱን ነገር ያወሳስበዋል። ሲያትል ከጥር 2015 ጀምሮ ምግብን ከቆሻሻ ጋር መጣል ከልክላለች፤ ትራፊዋ ይሄድባቸው ከነበሩ ጣቢያዎች አንዱ በኤቨረት ያለው የሴዳር ግሮቭ ጣቢያ ነው። ከወንዝ ማዶ ያሉት የሜሪስቪል ሰዎች ለዓመታት ሽታው ከዚያ ነው አሉ፤ ድርጅቱ ደግሞ አካባቢው ረግረግ፣ የፍሳሽ ማጣሪያና እርሻ ያለበት ነው አለ። ሽታ የሚያውቅ ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ ተተከለ፣ ክስ ተመሠረተ። ክርክሩ ግን በመሣሪያ አልተፈታም። ፈቃድ የሚጽፈው ሰው ቁጥር ይፈልጋል፤ ጎረቤት የሚያመለክተው ግን የልጁን የልደት በዓል ግቢ ውስጥ ማክበር ስላለመቻሉ ነው። ብዙ ደንቦች በመጨረሻ የሚመኩት በአንድ ተቆጣጣሪ አፍንጫ ነው፤ ያውም መኪናውን አስነሥቶ እስኪደርስ ነፋሱ ካልዞረ።

ወረቀት ያለ ጎረቤት ፈቃድ እንደማይበቃ አዲስ አበባም በመራራ መንገድ አይታዋለች፤ ኮምፖስት ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው። የከተማዋን አሮጌ የቆሻሻ መድፊያ፣ ቆሼን ይተካል ተብሎ በሰንዳፋ አዲስ መድፊያ ተሠራ፣ በ2016 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። የመንግሥት ይሁንታ ነበረው። የአካባቢው ገበሬዎች ግን በወራት ውስጥ አይሆንም አሉ፤ ሥራው ቆመ፣ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ትልቁ ክፍል የሚበሰብስ ነው። የዚህን ከተማ ትራፊ ወደ አፈር የመመለስ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሰንዳፋ ገበሬ መሆን ነበረበት።

ወደ ዋሽንግተን ልመለስ፤ ለአንባቢዬ ቅርቡ እርሱ ነውና። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብና ዋና ዋና ወረቀቶችን የመተርጎም ግዴታ አለባቸው። በዩ ስትሪትና በዘጠነኛው መንገድ ያሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶች በቀን የሚያወጡት ትራፊ ትንሽ አይደለም፤ የትሪው ጥግ እንጀራ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡናው አተላ። ስለዚህ ስለ መሰብሰቢያው በሚደረገው መድረክ ላይ በቋንቋቸው ተናግረው ሊሰሙ ይችላሉ። ትራፊው የሚያርፍበት ምድር ግን ሜሪላንድ ነው፣ መድረኩም ሜሪላንድ ነው፤ የሚከራከሩት ሰዎች ደግሞ ከዲሲ የመጣው በርሜል ጓሯቸው አጠገብ የሚደፋባቸው ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ እኛው ነን፤ የፕሪንስ ጆርጅስና የሞንትጎመሪ ነዋሪዎች።

የሚቀጥለው ጣቢያ ማመልከቻ ሲቀርብ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው የምግብ መኪና ከመድረሱ በፊት ስንት ቶን የተከተፈ እንጨት ግቢው ውስጥ ይጠብቃል? እንጨቱ ሲያልቅ መኪናው ይመለሳል ወይስ ይራገፋል? ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሽታ ሲነሣ ስልክ የሚያነሣው ማነው፣ ተነሥቶስ ምን ማዘዝ ይችላል? በዓመት የሚፈቀደው ቶን ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ አንድ በጋ ያለ አቤቱታ ካለፈ በኋላ? ከሚወጣው አፈር ስንት ከረጢት ለሰፈሩ ጓሮ ይመለሳል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በአማርኛ ጽፎ፣ ለአስተርጓሚው ሰጥቶ፣ መልሱ በፈቃዱ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ይቻላል።